ጨዋነት እስከ የት ድረስ ነው?

ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣውን መንገድ የያዘ ሰው ሮብ ዕለት እዚያ ቢደርስ፣ ድንቹን በጆንያ፣ ገብሱን በስልቻ፣ በጉን በገመድ ይዞ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈውን ሕዝብ ያያል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ገበያው ግን ይሞቃል። በዚያ ገበያ የማይነገር ነገር ያለ አይመስልም። የበጉ አፍ ተፈልቅቆ ጥርሱ ይቆጠራል። የላሟ ጡት በአደባባይ ይዳሰሳል፤ ስንት እንደወለደች፣ አራቱም ጡቷ ይታለብ እንደሆነ፣ ኮርማ ትቀበል እንደሆነ በጩኸት ይጠየቃል። ሻጩም አያፍር፣ ገዥውም አያፍር። ስለ ከብት ነዋ!

ስለ ሰው ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት ልብ ያልኩት እዚያው ሮብ ገበያ፣ አንዲት ዘመዴ ቤት እሳት ዳር ተቀምጬ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጥራ ብልም አይፈቅዱልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ እቴቴ እላቸዋለሁና እዚህም እንዲሁ ልበላቸው። ዕድሜያቸው ገና ሃምሳን አልዘለለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግራ ጡታቸው ላይ የወጣችውን እብጠት፣ ብርድ ነው ሲባል፣ ሲታሹ፣ ጠበል ሲጠመቁ ወራት አለፈ። በመጨረሻ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትሩን፣ የዓባይን ቁልቁለትና አቀበት፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱበት እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ጡታቸው ተቆረጠ። ኬሞቴራፒውን ወሰዱ፤ ጠጉራቸው ረገፈ፤ ጠጉራቸው በቀለ። ዛሬ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ «እግዜር ማረዎት» ይላቸዋል። እሳቸውም «ተመስገን» ይላሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

እቴቴ ከሕክምናው ከተመለሱ ወዲህ ጾም አብዝተዋል። ሮብና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት የማንም ክርስቲያን ጾም ነው፤ ይህ ብቻ በዓመት ከ180 ቀን አያንስም። እሳቸው ጽጌን ጨመሩበት። በዓለ ሃምሳም፣ ጾም በማይጾምበት ወቅት፣ ስእለት አለብኝ እያሉ ለብቻቸው መተኛት ጀመሩ። ጾም ደግሞ ከምግብ ብቻ አይደለም። አባወራው ጨዋና እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ስለሆኑ ያከብሩላቸዋል። ጎረቤቱም «ከበሽታው ወዲህ መነኮሱ እኮ» ይላል፤ በአድናቆት ነው የሚለው።

«ጾሙ ለእግዜር አይደለም» አሉኝ እሳቱን እየቆሰቆሱ። «ለእግዜር ቢሆንማ በወደድኩ። ሌሊቱን ፈርቼ ነው።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን በየቃሉ ማስፈር አያስፈልግም። ባጭሩ ሰውነታቸው ከውስጥ ደርቋል። ሲቀመጡ ያቃጥላቸዋል፤ ሽንታቸው ይለበልባቸዋል፤ ከባለቤታቸው ጋር መገናኘት ደግሞ በተላጠ ቁስል ላይ ጨው እንደመነስነስ ሆኖባቸዋል። ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ያስከተሉት ነው።

«ያቺ ኪኒን ናት የምታደርቅሽ ብላ አንዷ ነገረችኝ። ከፋሲካ ወዲህ አልዋጥኳትም።»

«ይህን ለሐኪምዎ ነግረዋቸዋል?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ?»

ይህች «ምን ብዬ?» የምትለው ጥያቄ ከሮብ ገበያ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡሱ ስታናውዘኝ መጣች።

ነገሩን በአእምሮ ለመያዝ መጀመሪያ ሰውነት ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የሴትን ብልት ግድግዳ ወፍራም፣ ለስላሳና እርጥብ አድርጎ የሚጠብቀው ነው። የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ ይህንኑ ሆርሞን እየተመገበ የሚያድግ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም ከሕመምተኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ካንሰራቸው ለኤስትሮጅን ምላሽ የሚሰጥ ዓይነት መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ሕክምናው ሆርሞኑን ያሳድዳል። ኬሞቴራፒው የእንቁላል ማምረቻዎችን ያደክማል፤ የወር አበባ ዓመታት ቀድሞ ይቆማል። ታሞክሲፈን የሚባለው ኪኒን ሆርሞኑ ጡት ላይ እንዳይሠራ በሩን ይዘጋል፤ አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የመሳሰሉት ደግሞ ሆርሞኑ ከነአካቴው እንዳይመረት ያደርጋሉ። ድርቀቱም የሚብሰው በእነዚህ በኋለኞቹ ነው። ኪኒኑ የሚዋጠው 5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ነው። ያረጠች ሴት ቀስ በቀስ የሚደርስባትን ለውጥ የጡት ካንሰር ሕመምተኛ በጥቂት ወራት ትቀበለዋለች። ግድግዳው ይሳሳል፤ እርጥበቱ ይጠፋል፤ ሽንት ቧንቧውም ይቆጣል።

እንግዲህ እቴቴ ያልተለመደ ነገር አልደረሰባቸውም። ብዙዎች የሚደርስባቸው ነው የደረሰባቸው። ጎረቤቲቱም ጨርሳ አልተሳሳተችም። የተሳሳተችው በምክሯ ነው። ታሞክሲፈንን 5 ዓመት የዋጡ ሴቶች ካልዋጡት ጋር ሲነጻጸሩ በ15 ዓመት ውስጥ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። እቴቴ ከፋሲካ ወዲህ በየማታው የሚተዉት ይህንን ነው። የሚተዉትም ስለ ድርቀቱ ለሐኪም ከመናገር ሞትን ቢቀርቡት ስለሚሻል ነው! ጨዋ ሰው ናቸዋ።

ለመሆኑ ጨዋነት ምንድን ነው? ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው።

አንድ የማከብረው ወዳጄ፣ በዕድሜም በንባብም የሚበልጠኝ ሰው፣ ይህን ልጽፍ ማሰቤን ስነግረው ግንባሩን ቋጠረ። «አንዳንድ ነገር ባለመነገሩ ነው የሚከበረው። አንቺ የምትጽፊው ሴቶቹን ለመርዳት ነው፤ የሚያነበው ግን ጠጅ ቤት ተቀምጦ የሚሳለቅ ነው። ገላን የሚሸፍን ልብስ እንዳለ ሁሉ ገላን የሚሸፍን ዝምታም አለ» አለኝ። ይህ ተራ ሙግት አይደለም። በትንሽ ከተማ የምትኖር ሴት አንድ ጊዜ ከአፏ የወጣ ቃል በማግስቱ ወፍጮ ቤት ይጠብቃታል። ባሏ ሌላ ሊያገባ ነው ይባላል፤ የባሏ እናት ትሰማለች። ዝምታ ለብዙ ሴቶች ያላቸው ብቸኛ አጥር ነው። ይህን አጥር ከአዲስ አበባ ሆኖ «አፍርሺው» ማለት ቀላል ነው። ሲፈርስ ግን ብርዱ የሚገባው እሷ ቤት ነው።

ቢሆንም ወዳጄ ሁለት ነገር አንድ አድርጎብኛል። ምስጢርና ነውር ይለያያሉ። ምስጢር ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ለማን እንደሚነግርና ከማን እንደሚሰውር ይመርጣል፤ ለነፍስ አባቱ፣ ለሐኪሙ፣ ለባልንጀራው። ነውር ግን ምርጫ አይሰጥም። እቴቴ ነገሩን ከወፍጮ ቤቱ ቢሰውሩ መብታቸው ነው፤ እሰየው። ከሐኪማቸውና ከባላቸው የሰወሩት ግን መርጠው አይደለም። ቃል አጥተው ነው። እውነትም ቃሉ የለም። ለሐኪሙ «ማህጸኔ ደረቀ» ቢሉ፣ ልጅ መውለድ አቆምኩ ያሉ ይመስለዋል። «ብልት» የሚለው ቃል የመጽሐፍ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሌላው ቃል ደግሞ ስድብ ነው። የቀረው «እዚያ ቦታ» ማለት ነው፤ እዚያ ቦታ ምን ሆነ? አመመኝ? ሐኪሙ ለበሽታ የሚሆን ኪኒን ይሰጣቸውና ይሸኛቸዋል።

እንዲህ ያለው ችግር በጎጃም ምድር መድረሱ ይገርመኛል። ዲማና ዋሸራ ቅኔ ያስተማሩበት አገር ነው። ሰሙን ከወርቁ፣ ወርቁን ከሰሙ እያዋደደ ንጉሥን ፊት ለፊት የሚዘልፍ፣ ዘልፎም በሰላም ወጥቶ የሚሄድ ሕዝብ፣ አንዲት ሴት ለሐኪሟ የደረሰባትን የምትናገርበት አንድ ዓረፍተ ነገር አላዘጋጀላትም። ቅኔው የወንዶች ስለነበረ ይሆን? እንጃ።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ ከነውር ይከፋል። ምስጋና ነው። እቴቴ ሕመማቸውን ገና ሳይጨርሱልኝ «ይህን ማለቴ ኃጢአት ነው፤ ነፍሴን ያተረፈልኝን አምላክ ማማረር ነው» አሉኝ። ሰው ከሞት አፍ ሲመለስ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው፤ በትርፍ ላይ ማጉረምረም ምስጋና ቢስነት ይመስላል። ዘመድም ይህንኑ ይላል፤ «ዋናው ነፍስ ነው፤ ሌላው ምን ያደርጋል?» ይላል። ሐኪሞችም፣ ባይናገሩት እንኳ፣ ይህንኑ ያስባሉ ብዬ እጠረጥራለሁ። እርግጥ ነው፣ የካንሰር ሐኪም ሥራ በዝቶበታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እንደገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ 16 ሺህ ያህል ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር ይዟቸዋል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ደጅ ላይ መቶ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ሐኪም ስለ መኝታ ቤት ሊጠይቅ? የሚጠይቅበት ደቂቃ የለውም። ይገባኛል። ግን ያቺው ያልተጠየቀች ጥያቄ ናት ኪኒኑን ያስጣለችው። ያቺን ደቂቃ ያጣ ሕክምና ሁለት ዓመት የደከመበትን ሥራ ሌሊት ሌሊት እየተነጠቀ ነው።

ደግሞስ፣ ከሞት የዳነ ሰው ለምን ዳነ? ለመተንፈስ ብቻ ነውን? እቴቴ የዳኑት ሚስት ሆነው፣ እናት ሆነው፣ ገበያ ወጥተው፣ ያለ ሥቃይ ተቀምጠው ሊኖሩ ነው። ምስጋና የቀረውን ሕመም እንዳይነገር የሚያደርግ ከሆነ፣ ያ ምስጋና ሳይሆን ዕዳ ነው።

ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። የሐተታው ደራሲ እሱ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችን የነበረው ጣሊያናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር አልተቋጨም፤ ክላውድ ሰምነር ዕድሜውን የሰጠው የኢትዮጵያዊነቱን ወገን ይዞ ነው። ማንም ይጻፈው፣ በግዕዝ የተጻፈው ያ መጽሐፍ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ ሴት በወር አበባዋ ርኩስ ናት የሚለውን ሕግ አይቀበልም፤ ፈጣሪ በሥርዓቱ ያኖረውን ነገር ሰው ርኩስ ሊለው አይችልምና። ሁለተኛው፣ ሒሩት የምትባለውን አገልጋይ ሲያገባ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ ሚስቱ እንጂ ገረዱ እንዳትሆን ይፈልጋል። እነዚህን ሁለቱን አጋጥሜ ሳያቸው አንድ ነገር ይወጣኛል። የሴት ገላ ርኩስ ካልሆነ፣ ሕመሙም ርኩስ ሊሆን አይችልም። በጋብቻ እኩል ከሆኑ ደግሞ የአንዷ ሥቃይ የሁለቱም ጉዳይ ነው።

ስለ ባሎች አንድ ነገር ልበል። የእቴቴን አባወራ አልጠየቅሁም፤ እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? ነገር ግን አዲስ አበባ የማውቀው አንድ ሰው፣ ሚስቱ በተመሳሳይ ሕክምና ያለፈች፣ የነገረኝ አለ። «ጠባሳዋን ስላየሁባት የጠላችኝ መሰለኝ። እንዳላስቸግራት ሳሎን መተኛት ጀመርኩ» አለኝ። ሚስትየው ደግሞ «ጡት ስለሌለኝ ተጸይፎኝ ነው ሳሎን የወጣው» ብላ ታለቅስ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ! ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም አዛኝ፣ በመካከላቸው አንድ ግድግዳ። ባል ክፉ በሆነበት ቤት ነገሩ ሌላ ነው፤ ሚስቱ እያመማት መሆኑን እያወቀ መብቴ ነው የሚል ሰው ምንም ፍልስፍና አያስፈልገውም፣ ስሙ ይታወቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ደጉ ነው። ደጉ ባል ባለማወቁ ሊወቀስ ይገባል ወይ? ባይወቀስም መጠየቅ ግን ይችል ነበር እላለሁ። ሚስት እስክትናገር መጠበቅ፣ መናገር እንደማትችል እየታወቀ፣ ጨዋነት አይመስለኝም።

ዝምታ ሲሰበር ዓለም እንዳልፈረሰ ደግሞ ታሪክ አለን። መስከረም 1967 ዓ.ም. ለእኛ ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱበት ወር ነው። በዚያው ወር፣ መስከረም 18 ቀን፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ ጡታቸው በካንሰር ምክንያት ተቆረጠ፤ ቤተ መንግሥቱም አልደበቀውም። እስከዚያ ድረስ በዚያም አገር ጡት የሚለው ቃል ከካንሰር ጋር በጋዜጣ አይጻፍም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሴቶች ጡታቸውን ሊመረመሩ ተሰለፉ። ወደ አገራችንም ብንመለስ፣ በወሊድ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች ከሰው ተገልለው ጎጆ ይቀለስላቸው በነበረበት ዘመን፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ፊስቱላ በራዲዮ የሚነገር ቃል ሆኗል፤ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። በ1980ዎቹ ሕይወት ትረስት ኮንዶም በየኪዮስኩ ሲሰቀል ስንቱ ፊቱን አዞረ! ካንሰር የሚለውን ስም ራሱ «ያ በሽታ» እያልን ስንሸሸው ኖረን፣ የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን በ1990ዎቹ ሲያቋቁሙ ነው በአደባባይ መጥራት የለመድነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ወዳጄን የመሰለ አስተዋይ ሰው «ይህስ ባይነገር» ብሎ ነበር። በእያንዳንዱም ጊዜ ስጋቱ በከፊል እውነት ነበር፤ ተሳልቀዋል፣ ተሳድበዋል። ግን ታክመዋልም።

መቼም «ቢነገርስ ምን ይደረጋል?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ይደረጋል። በመጀመሪያ ለሐኪም ሳይነግሩ ኪኒኑን አለማቋረጥ ነው፤ ኪኒኑ የማይስማማ ከሆነ የሚለውጠው ሐኪሙ ነው። ቀጥሎ ገላውን አለመጉዳት ነው። ቦታውን ከውስጥ በሳሙና ማጠብ፣ ሽቶ ማድረግ፣ ቅጠል መወተፍ፣ ይጠግነኛል ብሎ ወይባ መሞቅ፣ የሳሳውን ገላ ይበልጥ ያስቆጣዋል። ከውጭ በውኃ ብቻ ይበቃል። በግንኙነት ጊዜ የሚቀባ፣ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ አለ፤ ፋርማሲ ገብቶ ኬ ዋይ ጄሊ ወይም መሰሉን መጠየቅ ነው። እሱ ግን ለሰዓቱ ብቻ ነው። ለዘወትር ድርቀት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚደረግ፣ ሆርሞን የሌለበት የማርጠቢያ ቅባት አለ፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፣ ቶሎ ተስፋ አለመቁረጥ ነው። ቫዝሊን በየቤቱ ስላለ ብዙዎች እሱን ያነሳሉ፤ ለውስጥ አይመከርም፣ ከኢንፌክሽን ጋር ይያያዛል፣ ኮንዶምንም ያበላሻል። አውስትራሊያ ውስጥ በጥቂት የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ማርጠቢያውን፣ የወይራ ዘይትንና የዳሌ ሥር ጡንቻን ማላላት የሚያስተምር ልምምድን አጣምረው የሞከሩ ሴቶች ሕመማቸው ቀንሶላቸዋል። (ዘይትም ቢሆን ከኮንዶም ጋር አይሄድም።) ሰውነት ሕመም ሲጠብቅ ራሱን ይቋጥራልና ይህ ማላላት ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ሁሉ ካልረዳ ብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን አለ፤ ነገር ግን ካንሰሩ ሆርሞን የሚወድ ዓይነት ከሆነ የካንሰር ሐኪሙ ሳያውቅ አይነካም፤ በተለይ አናስትሮዞልና መሰሎቹን የምትወስድ ሴት። ታሞክሲፈን እየዋጠች ደም የምታይ ሴት ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትል መታየት አለባት፤ ኪኒኑ አልፎ አልፎ የማህጸን ካንሰር ሊያስከትል ይችላልና።

ከዚህ ውስጥ ሮብ ገበያ ላይ የሚገኘው ጥቂቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ሩቅ አይደለም። ደግሞም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ነገር የትም አይሸጥም።

በማግስቱ ጠዋት እቴቴ ጠሩኝና፣ «አንቺ ጸሐፊ አይደለሽ? ጻፊልኝ። ለሐኪሙ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ሙያዬ ነውና በአንድ ደቂቃ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደድኩት፤ የሕክምና መጽሐፍ መስሏል። ሁለተኛውን ቀደድኩት፤ እኔው አፍሬ ነገሩን ሸፋፍኜዋለሁ። ሦስተኛውን ጻፍኩና አነበብኩላቸው፦ «ከሕክምናው ወዲህ ብልቴ ደርቆ ያቃጥለኛል። ከባለቤቴ ጋር መገናኘት አልቻልኩም። በዚህ ምክንያት ኪኒኑን አቁሜያለሁ። ምን ላድርግ?»

እቴቴ ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። «ይችን ለመጻፍ ነው ያን ሁሉ ወረቀት የቀደድሽው?» አሉኝ። አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያህላል። ወረቀቱን አንብቦ ተነስቶ በሩን ዘጋ፤ «እናቴ፣ ይቀመጡ» አለ፤ ጠየቃቸው፣ ጻፈላቸው፣ ኪኒኑንም ያን ዕለት ማታ ዋጡ። ባለቤታቸው ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ሐኪሙ «ያስገቧቸው ወይስ ይቆዩ?» ብሎ እሳቸውን አስመረጣቸው።

«ታዲያ ምን አሉት?» አልኩ።

«ይግቡ አልኩት እንጂ። ግን ልጄ፣ ያችን ወረቀትሽን አልመለሰልኝም። እጠብቃታለሁ ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተታት።»